ከኮቤ እስከ ካልጋሪ፦ የአንድ ብረት ምጣድ ታሪክ



ባለፈው ወር ልጄ አሥራ ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ ከቤተሰቤ ጋር እዚሁ ካልጋሪ መሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ገባሁ። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም። ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት በዚያ ቤት ደጃፍ ስንት ሰው እንዳወረድኩና እንደጫንኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ደንበኞቼ በልብሳቸው ይዘውት የሚወጡት የነጭ ሽንኩርትና የቅቤ ሽታ መኪናዬ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት አብሮኝ ያመሻል። በሩን አልፌ ግን አላውቅም ነበር። ልጄ በትምህርት ቤት ጓደኛዋ ልደት ተጋብዛ ስላየችው "የእኔም እዚያ ይሁን" አለች። ባለቤቴ ደውላ ዋጋውን ጠየቀችና ነገረችኝ። "በዚህ ገንዘብ እኮ በግ ይገዛል" አልኩ። "በጉ ሽንኩርት አይወረውርላትም፤ ልጅቷ የፈለገችው የሚወረወረውን ነው" አለችኝ። በዚህ ተረታሁ።

ቤቱን ላላዩት አንባቢዎች ላስረዳ። ገበታው ራሱ ምድጃ ነው። መሀሉ ሰፊ የብረት ሰሌዳ ሆኖ ከሥሩ በጋዝ ይግላል፤ ተመጋቢዎች በሦስት ወገን ከበው ይቀመጣሉ፤ በአራተኛው ወገን ምግብ አብሳዩ ይቆማል። አንዱ ገበታ የሚይዘው ስምንት ሰው ነው። እርስዎ አራት ሆነው ከመጡ ከማያውቋቸው አራት ሰዎች ጋር ያቀምጥዎታል። እኛም ከአንድ ሸምገል ያሉ ባልና ሚስትና በነዳጅ ኩባንያ ከሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ጋር ተቀመጥን። አብሳዩ ቀይ ቆብ ደፍቶ ጋሪውን እየገፋ መጣ፤ እጅ ነሣ፤ ዘይት አፈሰሰና እሳት ለቀቀበት። ነበልባሉ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ትንሹ ልጄ ወደ እናቱ ጉያ ገባ። ከዚያ ሽንኩርት በክብ በክቡ ቆርጦ እንደ ጎጆ ክዳን ደረደረው፤ ውስጡ ዘይት ጨምሮ ለኮሰውና እሳተ ገሞራ አደረገው፤ ቀጥሎም በመገልበጫው እየገፋ ጭስ የሚተፋ ባቡር አደረገው። እንቁላል በመገልበጫው ጠርዝ ላይ አሽከረከረ። የጨውና የቁንዶ በርበሬ ዕቃዎቹን እንደ ከበሮ መታቸው። በመጨረሻም ቁራጭ ዝኩኒ ወደ ተመጋቢዎቹ አፍ መወርወር ጀመረ። ልጄ ቀለበችው። የእኔ በአንገቴ በኩል ገባ። ሽሪምፑን፣ ባለቤቴ ስለማትበላው፣ ለወጣቶቹ አሳለፍነው፤ እነርሱም በምስጋና ተቀበሉን።

ከወጣቶቹ አንዱ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ይህ በጃፓን ለሺህ ዓመታት የኖረ ባህል መሆኑን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ደሴ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበርና "ሺህ ዓመት" የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አብሳዩን ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። ከማኒላ ነው። ሥራውን የት ተማርክ ብለው "እዚሁ ካልጋሪ" አለኝ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የዚህን ምጣድ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የምግቡ ስም ቴፓንያኪ ይባላል። "ቴፓን" የብረት ሰሌዳ ማለት ነው፤ "ያኪ" ደግሞ ጥብስ። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ የብረት ምጣድ ጥብስ ልንለው እንችላለን። ስሙ ሲተረጎም ግርማው ትንሽ እንደሚቀንስ አልክድም።

የበሬ ሥጋ ለጃፓኖች የዘወትር ምግብ አልነበረም። በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ፣ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ስለነበሩ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አወጡ። ሌሎች ተመሳሳይ አዋጆችም ተከተሉ፤ አልፎ አልፎ የሚጥሰው ባይጠፋም በሬ የእርሻ እንጂ የገበታ እንስሳ ሳይሆን ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። ጃፓን ውስጥ የሺህ ዓመት ባህል ከተባለ፣ ሥጋውን አለመብላት ነበር ባህሉ። ይህን የለወጡት ፈረንጆች ናቸው። በ1868 መጀመሪያ የኮቤ ወደብ ለውጭ ነጋዴዎች ተከፈተ፤ እዚያ የሰፈሩት እንግሊዞችና አሜሪካኖች ያለ በሬ ሥጋ መኖር አልቻሉም፤ በአካባቢው ያለው የእርሻ በሬ ለእነርሱ መታረድ ጀመረ። በ1872 ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው ለሕዝብ ተገለጠ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ስሙ የሚጠራው የኮቤ ሥጋ የጀመረው በእንግዶች ጥያቄ ነው።

1868 ስል አንባቢዬ አንድ ነገር ትዝ ሳይልዎት አይቀርም፤ በእኛ 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት በዚያው ዓመት ነው። የሜጂ መንግሥት የተቋቋመውም በዚያው ዓመት። ይህን መገጣጠም በክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ "ልጆች፣ ከጃፓን ጋር እኩል ነበር የጀመርነው" እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቹም እንደ እኔው ያዝኑ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ትምህርቴ የተዛባ ነበር። ኤዶ፣ የአሁኗ ቶኪዮ፣ ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ በየመንደሩ ልጆች ማንበብና ሒሳብ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በጃፓን ጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ንግድ ነበር። አንድ ዓመት ላይ መገናኘት አንድ ደረጃ ላይ መገናኘት አይደለም። እኔ ያየሁት ዓመተ ምሕረቱን ነበር።

በዚህ ስሕተት ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ጃፓን በ1905 ሩሲያን ካሸነፈች በኋላ ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት፣ አብዛኛው አካሉ ከ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት የተወሰደ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመልእክተኞች ቡድን መርተው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም ስላዩት ነገር "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። አስገራሚው ነገር ያ የጃፓን ሕገ መንግሥት ራሱ በአመዛኙ ከፕሩሲያ፣ ማለትም ከጀርመኖች ሕግ፣ የተቀዳ መሆኑ ነው። አባቶቻችን የጃፓን ነው ብለው ያመጡት የጀርመን ነበር፤ ከእኔ ጎን የተቀመጠው ወጣት ደግሞ የጥንት ጃፓን ነው ብሎ የቀለበው ዝኩኒ የማን እንደሆነ አሁን እንመጣበታለን። (ወዳጅነቱ እንዴት እንዳለቀ ለማወቅ ለምትፈልጉ፦ በ1936 ጃፓን የጣሊያንን ወረራ ዕውቅና ሰጠች፤ ጣሊያንም በበኩሏ ጃፓን በማንቹሪያ ያቆመችውን መንግሥት ዐወቀች። ይህን ደግሞ በክፍል ውስጥ ብዙም አናነሣውም ነበር።)

አሁን ወደ ምጣዱ። በብረት ሰሌዳ ላይ የዱቄት ቂጣ ከአትክልት ጋር እየጋገሩ መብላት በጃፓን ተራ ሰው ዘንድ አስቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1945 ግን፣ ኮቤ በአሜሪካ ቦምብ ከነደደችበት ዓመት፣ ሺገጂ ፉጂዮካ የተባለ ሰው በዚያችው ከተማ "ሚሶኖ" የሚባል ቤት ከፈተ። የበሬ ሥጋ በብረት ሰሌዳ ላይ ደንበኛው ፊት ጠብሶ ማቅረብን የጀመረው ይህ ቤት እንደሆነ ይነገራል። አገሬውን ብዙም አልማረከውም። የማረከው ከተማዋን አሸንፈው የገቡትን የአሜሪካ ወታደሮች ነው። ምግቡ የሚያውቁት ሥጋ፣ ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ከምኑ እንደተሠራ በዓይናቸው የሚያዩት ነበር፤ በዚያ ላይ የአብሳዩ የቢላዋ ቅልጥፍና ያስደስታቸዋል። አብሳዩም ይህን አይቶ ቅልጥፍናውን ይጨምራል። እንግዲህ ይህ "የሺህ ዓመት ባህል" የአያቴ ዕድሜ እንኳ የለውም ማለት ነው፤ የተወለደውም በተሸነፈች ከተማ፣ አሸናፊዎቹን በማብላት ነው።

ወደ አሜሪካ ያሻገረው ሰው ታሪክ ለእኛ ሹፌሮች በተለይ ይጥማል። ሂሮአኪ አኦኪ ይባላል፤ አሜሪካኖች "ሮኪ" ይሉታል። በ1938 ቶኪዮ ተወለደ። አባቱ ከጦርነቱ በኋላ በፈራረሰችው ቶኪዮ ትንሽ ቡና ቤት ከፈተና በፍርስራሹ መሀል በቅላ ባያት ቀይ አበባ ስም "ቤኒሃና" አለው ይባላል። በጃፓንኛ በዚህ ስም የምትጠራው አበባ የሱፍ አበባ ናት፤ የፈረንጅ ሱፍ ሳይሆን እኛ ለጾም ፍትፍት የምናደርገው የአበሻው ሱፍ። ሮኪ የነፃ ትግል ስፖርተኛ ነበር፤ ከቡድኑ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በኒውዮርክ ሃርለም ሰፈር የአይስክሬም መኪና እየነዳ ይሸጥ ጀመር። ሁሉም የሚሸጠው አንድ ዓይነት አይስክሬም ስለሆነ እርሱ ትንሽዬ የወረቀት ጃንጥላ ሰካበት። ሰው ጃንጥላውን ብሎ ወደ እርሱ መጣ። በዚህ ሥራ 10,000 ዶላር አጠራቅሞ በ1964 በማንሃታን 56ኛ መንገድ ላይ አራት የብረት ገበታ ያላት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ባዶ ወንበር መቁጠር ነበር። ኋላ የኒውዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ የምግብ ጸሐፊ ክሌመንታይን ፓድልፎርድ ስታመሰግነው ሰዉ ተሰለፈ።

ያው 1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ዓመት ነው። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ጃፓኖች ተነሥተው አጨበጨቡለት። እዚህ ላይ ማስገባቴ ከርእሱ ጋር ስለሚያያዝ አይደለም፤ አበበን ሳያነሡ 1964ን ማለፍ ለእኔ ስለሚከብደኝ ነው።

አኦኪ የገባው ነገር ምንድን ነው? አሜሪካዊ እንግዳ ቤት ይወዳል፣ እንግዳ ምግብ ግን ይፈራል። ስለዚህ የቤቱን እንጨት ከጃፓን አስመጣ፤ ምግቡን ግን ስቴክ፣ ዶሮና ሽሪምፕ አደረገው። ጥሬ ዓሣ የለም፣ የባሕር አረም የለም። ሌላውም ብልሃት የሒሳብ ነው። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት በ1972 የዚህን ቤት አሠራር ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ አድርጎ ጽፎታል፤ እስከ ዛሬም በብዙ ቦታ ይማሩበታል። ምግቡ ገበታው ላይ ስለሚበስል የጓሮው ማድ ቤት ይጠባል፤ የተረፈው ቦታ ወንበር ይሆናል። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ የሚበላሽ ዕቃ የለም። ስምንት ሰው እስኪሞላ እንግዳው ባሩ ላይ እየጠጣ ይጠብቃል፤ መጠጡም ሌላ ገቢ ነው። አብሳዩ እሳቱን አጥፍቶ እጅ ነሥቶ ሲሄድ ተመጋቢው ትርኢቱ እንዳለቀ ዐውቆ ይነሣል፤ ማንም "ውጡ" አላለውም። እኛ አገር ቤት ይህን ለማድረግ ጥራጊ ሲጠርጉ እንግዳው እግሩን እንዲያነሣ ይጠየቃል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጃፓንና ስለ ኒውዮርክ ነው። ነገር ግን ጃፓኖች እዚሁ በእኛ አልበርታ ከዚያ ሁሉ በፊት ነበሩ፤ ያንን የነገሩኝ አንድ ተሳፋሪዬ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክረምት በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው አረጋዊ ነበሩ። አንድ ቀን በዚያው የጃፓን ምግብ ቤት ፊት ለፊት መብራት ይዞን ቆመን "እዚህ ቤት መጀመሪያ የገባሁት በአርባ ዓመቴ ነው፤ አለቃዬ ጋብዞኝ" አሉኝ። እርስዎ ጃፓናዊ አይደሉም እንዴ ብላቸው "ነኝ፤ ለዚህ ነዋ የጋበዘኝ" ብለው ሳቁ። ቤት ሄደው ያዩትን ለእናታቸው ሲነግሯቸው እናትዬው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ አሉ፦ "ምግቡን ለምን ይወረውሩታል?"

እኒህ ሰው ተወልደው አራት ዓመት እስኪሆናቸው የኖሩት በባሕሩ ዳርቻ በስቲቭስተን ነበር፤ አባታቸው የዓሣ ጀልባ ነበራቸው። ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ከምዕራባውያን ጋር ጦርነት ስትገጥም የካናዳ መንግሥት ጃፓን-ካናዳውያን ዓሣ አጥማጆችን 1,200 ያህል ጀልባ ነጠቀ። በየካቲት 1942 ደግሞ ከፓስፊክ ዳርቻ 160 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ የጃፓን ዘር ሁሉ እንዲነሣ ታዘዘ። ወደ 22,000 ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በትውልድ ወይም በሕግ የካናዳ ዜጎች ነበሩ። ብዙዎቹ ቫንኩቨር በሄስቲንግስ ፓርክ፣ በከብት ማሳያ ጋጥ ውስጥ፣ እንዲቆዩ ተደረገ። ቤታቸው፣ እርሻቸው፣ ሱቃቸው በአደራ ጠባቂ ስም ተይዞ ሳይጠየቁ ተሸጠ። ወንዶቹ ወደ መንገድ ሥራ ተላኩ፤ ቤተሰቡ ሳይበተን መኖር የፈለገ ግን አንድ መንገድ ነበረው፤ ሹገር ቢት ወደሚመረትበት እርሻ መሄድ። ሹገር ቢት ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዘመድ ነው። ከ2,000 የሚበልጡት ወደ ደቡብ አልበርታ፣ ወደ ሬይመንድ፣ ታበር፣ ፒክቸር ቢዩትና አካባቢው መጡ። ሬይመንድ ውስጥ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የኖሩ ጃፓኖች ነበሩ፤ በ1929 የራሳቸውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ አቋቁመዋል። አዲሶቹ ግን የመጡት እንደ ጉልበት ሠራተኛ ነው። የተሳፋሪዬ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፈው የዶሮ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ነግረውኛል። የእኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። በበጋ እናቲቱ በጉልበታቸው እየሄዱ አጭር መቆፈሪያ ይዘው ቡቃያ ያሳሳሉ፤ ማታ ሩዝ ይቀቅላሉ፤ በጨው የከረመ አትክልት ያቀርባሉ። የማያቸው እንግዳ፣ የሚያጨበጭብላቸውም ሰው አልነበረም።

ጦርነቱ አልቆም ወደ ባሕሩ ዳርቻ መመለስ የተፈቀደላቸው ሚያዝያ 1 ቀን 1949 ነው። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ መስከረም 22 ቀን 1988፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን መልሮኒ አፍ፤ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 21,000 ዶላር ተከፈለ። የተሳፋሪዬ አባት አልደረሱበትም። ይህ ሁሉ ከካልጋሪ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ቦታ የሆነ ነው። ታበር ያለው ፋብሪካ ዛሬም ከሹገር ቢት ስኳር ያወጣል፤ ቡናችን ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ከዚያ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ አንባቢዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በአንድ በኩል በፒክቸር ቢዩት ጭቃ ላይ በጉልበታቸው የሚሄዱ እናት፤ በሌላ በኩል ቀይ ቆብ ደፍቶ ሽንኩርት የሚያነድ ወጣት። ፈረንጁ "ጃፓን" ብሎ ገንዘብ የከፈለው ለሁለተኛው ነው። ብረት ምጣዱ ላይ የሚጠበሰው ሥጋስ? ብሩክስና ሃይ ሪቨር ባሉት ታላላቅ የከብት ማረጃ ፋብሪካዎች ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ይሠራል፤ ከእኛም ብዙ ሰው በቅዝቃዜው ክፍል ቢላዋ ይዞ ቆሞ ውሏል። እርሱም አልታየም።

ይህን ሳስብ አንድ የራሴ በደል ከፊቴ ይመጣል። ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት።

በ2018 በአንድ የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ ነው። በ17ኛ አቬኑ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ በምንለው ሰፈር፣ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት የነበራት አንዲት እህታችን እዚያ ተቀምጣ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ በፈረንጆቹ ወንበር መሀል ቡና ትቆላለች፤ ጭሱን በየአፍንጫቸው ታዞራለች፤ ከጠየቋትም ታጎርሳቸዋለች። በርበሬውን አለስልሳዋለች፤ ወጦቹን በቁጥር አድርጋቸዋለች። እኔ ተነሥቼ ስለ ባህል ስናገር ስሟን ሳልጠራ፣ ሁሉም ሰው ማንን እንደምል እያወቀ፣ "ባህል ለሽያጭ የቀረበበት ዘመን" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እርሷ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ "መምህር፣ ባህሉ ቤቴ አለ። እዚያ የምታየው የኪራዩ ነው" አለችኝ። ሳቅ ሆነ፤ እኔ ግን የረታሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኮቪድ ጊዜ፣ ቤቱ ተዘጋ። የዘጋው የእኔ ንግግር አይደለም፤ ኪራዩና ወረርሽኙ ነው። ግን ያን ቀን ከአዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሰው ወደ ቤቷ መሄድ እንደተወ ኋላ ሰምቻለሁ።

አሁን ምን ልበል? እኛ ራሳችን በቤታችን እሑድ እሑድ በያይነቱን በአንድ እንጀራ ላይ ስምንት ዓይነት አድርገን እንበላለን ወይ? በከሰል ላይ እየተንጫጫ የሚመጣው የሸክላ ጥብስ ከአያቶቻችን ቤት የመጣ ነው ወይስ ከአዲስ አበባ ሆቴሎች? በ1978 ዋሽንግተን ውስጥ "ማማ ደስታ" የተባለው ቤት ሲከፈት ፈረንጁ በእጁ መብላቱ ራሱ ትርኢት ሆኖለት አልነበረምን? የካልጋሪ ሰው ራሱ በየሐምሌው የቢሮ ጫማውን ጥሎ ቡትና ነጭ ባርኔጣ አድርጎ "ስታምፒድ ባህላችን ነው" ይላል፤ ያን በዓል በ1912 ያዘጋጀው ጋይ ዊዲክ የተባለ፣ በገመድ ትርኢት የሚተዳደር አሜሪካዊ ነበር። ተሳፋሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ሽንኩርቱ ነው። የእኛን ወጥ የሚሠራ ሰው ያውቃል፤ ዶሮ ወጥ ማለት ሽንኩርት መክተፍና ማቁላላት ነው። ሰዓታት ይፈጃል። ያንን የምትሠራው ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ናት፤ ዓይኗ እያነባ ማንም አያያትም፤ እንግዳው ወጡ ሲቀርብለት ዋጋውን አይቶ ይገረማል፤ አንዳንዱም "ለዚህ ነው?" ይላል። በብረት ምጣዱ ቤት አንድ ራስ ሽንኩርት ሲቆረጥ ስምንት ሰው ያጨበጭባል፤ ጉርሻም ይሰጣል፤ እኔ ራሴ አሥራ ስምንት በመቶ ሰጥቼ ወጣሁ። አኦኪ ያደረገው ሥራውን ከጓሮ አውጥቶ እንግዳው ፊት ማስቀመጥ ነው። እህታችንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ታደርግ ነበር፤ ከምትሠራው ሁሉ ለእንግዳ ሊታይ የሚችለው የቡናው ክፍል ነበርና እርሱን አሳየች። እኔ ደግሞ፣ ሽንኩርት ከትፌ የማላውቅ ሰው፣ ተነሥቼ ተናገርኳት።

ከዚያ እራት በኋላ በሦስተኛው ቀን ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ዛሬ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ማድ ቤት ውስጥ ትሠራለች። "እትዬ፣ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው" አልኳት። "የቱ ቀን?" አለች። ነገርኳት። "እሱን ትተህ ልጅህን እንኳን አደረሳት በልልኝ" አለችኝ። ከዚያ ስለ ምግብ ቤቱ ጠየቀችኝ፤ እሳቱን፣ ባቡሩን፣ እንቁላሉን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። በየመሀሉ ትስቃለች። ዋጋውን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ፦

"ሽንኩርቱ ሲመጣ የተላጠ ነው ያልተላጠ?"

"የተላጠ ነው" አልኳት።

"ማን ነው የሚልጠው?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ከጓሮ አንዲት ሴት አለች ማለት ነው" አለችኝና ቅዳሜ ከነልጆቼ መጥቼ ቡና እንድጠጣ ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።